ወለላን ወደ ብርድ ስናወጣት

ማክሰኞ ንጋት፣ ኦሞራቴ

ኦሞራቴ ጎህ ሳይቀድ ይሞቃል። ያደርኩበት ክፍል ግድግዳ የትናንቱን ፀሐይ ሌሊቱን ሙሉ ሲመልስልኝ አድሮ፣ ገና ሳይነጋ ፊቴን ልታጠብ ብወጣ የበርሜሉ ውሃ እንኳ ለብ ያለ ነው። ወንዙ ወተት የነካው ሻይ መስሎ ዝም ብሎ ይወርዳል። ከማዶ መንደር የፍየል ድምፅ ይሰማል። አይሱዙው ሞተሩ ተነስቶ ቆሟል፤ ሾፌራችን ማርቆስ እየዞረ ጎማዎቹን በእግሩ ይመታል።

ዛሬ የምንጭነው ማሽላም ዓሣም አይደለም። አንዲት ላም ናት፤ ወለላ ትባላለች።

እኔ ጂንካ የእንስሳት ፊዚዮሎጂ መምህርት ነኝ። የእንስሳት ገላ እንዴት እንደሚሠራ አስተምራለሁ። ያደግሁት ደብረ ብርሃን ስለሆነ ብርድን እንደ ዘመድ አውቀዋለሁ። ተማሪዎቼን ለመስክ ትምህርት ወደ ኦሞራቴ ባመጣሁ ቁጥር ሻይ የምጠጣው አስቴር ጋ ነው። አስቴር ከጂንካ በላይ ባለው የአሪ ደጋ የተወለደች ሳቂታ ሴት ናት። ከጎፋ የመጣ ግንበኛ አግብታ፣ ባሏን ታሪኩን ተከትላ ወደዚህ ቆላ ወረደች። ወለላን ለሠርጓ የሰጧት አባቷ ናቸው። የፈረንጅ ዲቃላ ናት፤ ጥቁርና ነጭ፣ ጀርባዋ ሰፊ፣ ደጋ ሳለች ጡቷ ሞልቶ መራመድ የሚቸግራት።

አሁን ያቺ ላም የለችም። ጎድኗ ይቆጠራል። አፏን ከፍታ፣ ምላሷን አውጥታ፣ ሆዷ እንደ ወናፍ ይነፋል ይተነፍሳል። አምና በሐሩሩ ወቅት የወለደችው ጥጃ ሞቶ ነው የወጣው። ዘንድሮ ደግሞ ደርሳ፣ ለመውለድ ጥቂት ሳምንታት ቀርተዋታል። የወረዳው የእንስሳት ሐኪም ደሟንም እበቷንም መርምሮ በሽታ አጣባት። ታሪኩ «ሞታ ከምትጣል ትታረድ» ብሎ ሥጋ ቤት አነጋገረ። አስቴር ሦስት ቀን አኮረፈችው። ከዚያ ወደ እኔ ደወለች።

«ቲቸር፣ በሽታ ከሌላት ምን ሆና ነው?»

የመጣሁት ለዚህ ጥያቄ ነው። ትናንት በረቱ ውስጥ አስቴርን አጠገቤ አስቀምጬ እጇን ወለላ ጉሮሮ ላይ አሳረፍኩት። «እዚህ ከማንቁርቷ በታች ታይሮይድ የሚባል እጢ አለ» አልኳት። «ሰው ላይ ሲያብጥ እንቅርት የምንለው እሱን ነው።»

«እንቅርት እናቴም ነበረባት!»

«እሱ ነው። እጢው የገላ እሳት ቆስቋሽ ነው። ብርድ ሲሆን አንጎል ‹ጨምር› ብሎ ይልክበታል፤ እጢው ሆርሞን ወደ ደም ይለቃል፤ ገላ ይነዳል፣ ይበላል፣ ይሞቃል። ሙቀት ሲሆን ‹ቀንስ› ይለዋል። ወለላ ትልቅ እሳት ይዛ ነው ከደጋ የወረደችው። እዚህ ሙቀቱ ፋታ አልሰጣት አለ። እሳቷን ቀነሰች፣ ቀነሰች። እሳት ሲቀንስ መብላት ይቀንሳል፣ ወተት ይቀንሳል። እንዳትሞት ብላ ነው እንዲህ የሆነችው።»

አስቴር እጇን ከላሚቱ ጉሮሮ ወደ ሆዷ አወረደች። «ሆዷ ውስጥ ያለውስ?» አለች።

«ወደ ብርድ እናውጣት» አልኩ።

ታሪኩ ሌሊቱን አልተኛም መሰለኝ። ከአስቴር ጋር ወለላን ይዘን መኪናው ጋ ስንደርስ ከጀርባው አሸዋ ከምሮ መወጣጫ ሠርቷል፤ ጆንያዎችን በወንዝ ውሃ ነክሮ የአይሱዙውን ጎን ሸፍኗል። ወለላን ከኋላ በትከሻው እየደገፈ ካስወጣት በኋላ ወደ እኔ ጠጋ አለ።

«ቲቸር፣ መንገድ ላይ ብትሞት እንኳ ሜዳ ላይ አትጣሏት። አስቴር አትችልም።»

ይሄ ሰው ነው ሥጋ ቤት ያነጋገረው። እጁን ጨበጥኩትና ጋቢና ገባሁ።

ረፋድ፣ ወደ ቱርሚ

ሜዳው እንደ እጅ መዳፍ የተዘረጋ ነው። እዚህም እዚያም ግራር፤ ከዚያ ውጭ ሰማይ ብቻ። ፀሐይዋ ከወጣች በኋላ የምንሮጠው ከእሷ ነው። አስቴር ከላይ ወለላ አጠገብ ተቀምጣ ጆንያዎቹን ከጄሪካን ውሃ እያጠጣች ነው፤ እኔ ጋቢና ውስጥ አንገቴን እያዞርኩ በኋላ መስኮት አያቸዋለሁ።

አንድ ቦታ ላይ ከብት መንገዱን ሞላው። ማርቆስ ቆመ። እረኛው ሎካሌ የሚባል የዳሰነች ጎልማሳ ነው፤ ማርቆስን ያውቀዋል። በያዘው በትር ተደግፎ ወደ ጭነታችን ቀና አለ።

«ላም ምን ሆነች? አፍ ለምን ከፈተች?»

«ሞቋት ነው» አለች አስቴር።

«ሞቃት?» ሳቀ። ሰማዩን አየ፤ ከብቶቹን አየ። «ዛሬ እኮ ደህና ነው።»

እውነቱን ነበር። የእሱ ላሞች ትንንሽ ናቸው፤ ሻኛቸው ቆሟል፤ ጠጉራቸው አጭርና የሚያብረቀርቅ። አንዷም አፏን አልከፈተችም። ሞቃት መሬት ላይ ተረጋግተው ቆመው፣ እኔ ሣር ብዬ የማልጠራውን ነገር እየለቀሙ ይበላሉ። ከመኪናው ወርጄ ከአንዷ ፊት ቆምኩ። ጉሮሮዋ ሥር ያው እጢ አለ፤ ያው ሆርሞን በደሟ ይዞራል። ግን ከእናት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ፣ በዚህ ፀሐይ ሥር እሳቷን አለዝባ መኖርን ከነገላዋ ወርሳዋለች። ለወለላ ፈተና የሆነው ለእሷ አገር ነው። ስንት ትውልድ እንደፈጀ ሳስብ ፀጉሬ ቆመ።

ሎካሌ የወለላን ሆድ ከታች ሆኖ ሲያይ ፈገግታው ጠፋ። «ደርሳለች» አለ። ከዚያ ከብቶቹን በፉጨት ወደ ዳር ገፍቶ መንገዱን ለቀቀልን።

እኩለ ቀን፣ ቱርሚ አቅራቢያ

ጎማው የፈነዳው እዚህ ነው፤ ደረቁ የአሸዋ ወንዝ ጋ ልንደርስ ስንል። መኪናው ወደ ጎን ተንገዳግዶ ሲቆም ከላይ የአስቴርን ጩኸት ሰማሁ።

ወለላ ወድቃለች። በጎኗ ተኝታ አንገቷን ዘርግታለች። ምላሷ አቧራ ለብሷል። ቴርሞሜትሬን አስገብቼ ያነበብኩትን ለአስቴር አልነገርኳትም። ላም ከዚያ በላይ ብትሞቅ ሆዷ ውስጥ ያለውም እሷም አብረው እንደሚሄዱ ስለማውቅ፣ «ውሃ!» ብቻ አልኩ። ጄሪካኑ ግን ባዶ ነበር።

ማርቆስ ክሪኩን ጥሎ ወደ ወንዙ ጮኸ። በሐመርኛ ምን እንዳለ አላውቅም። ከአሸዋው ውስጥ፣ ቀድሞ ያላየኋቸው ሴቶች አንገታቸውን ብቅ አደረጉ። አሸዋ ቆፍረው ጉድጓድ ውስጥ ሆነው ውሃ እየቀዱ ነበር። ከፊታቸው ያለችው ዱካ የምትባል ጎበዝ ሴት ቅሏን እንደያዘች መጥታ በአይሱዙው ቀዳዳ አየች።

«ነፍሰ ጡር?» አለች።

«አዎ።»

ዞራ ለጓደኞቿ ተናገረች። ከዚያ በኋላ የሆነውን እስካሁን ሳስበው ይደንቀኛል። ለልጆቻቸው፣ ለፍየሎቻቸው ከአሸዋ ሥር በቅል በቅል ጠብ ያደረጉትን ውሃ፣ ጎንበስ ቀና እያሉ ለማያውቋት ላም አመላለሱት። እኔ «አንገቷ ላይ! ብብቷ ሥር! በእግሮቿ መሃል!» እያልኩ አፈሳለሁ። ማርቆስ ጎማውን ይፈታል፤ ላቡ አስፋልቱ ላይ ይንጠባጠባል። አስቴር የላሚቱን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ ከንፈሯ ሳይከፈት መዝሙር ታዜማለች። ዱካ አየቻትና የመጨረሻውን ቅል በአስቴር ራስ ላይ ደፋችው። አስቴር ደንግጣ ቀና አለች። ሁለቱም ሳቁ።

በዚያው ቅጽበት ወለላ ተንፈራገጠች። መጀመሪያ የኋላ እግሮቿን ተከለች፤ ተንገዳገደች፤ ከዚያ በጉልበቷ ቆይታ ፊቷን አነሳች። ቆመች። ሴቶቹ እልል አሉ።

እንስሳ ሙቀት የሚከላከልበት መንገድ ብዙ ነው፤ ያልበዋል፣ ያለከልካል፣ ጥላ ይፈልጋል፣ እሳቱን ይቀንሳል። በመጽሐፍ ይሄን ሁሉ አስተምሬያለሁ። የሌላ አገር ሴት አሸዋ ቆፍራ ውሃ ስታመጣለት ግን የትም አላነበብኩም።

ከሰዓት፣ አልዱባ

የአልዱባ የማክሰኞ ገበያ ሊበተን ተቃርቧል። የበና ሰዎች ማርና ቅቤያቸውን፣ ፍየሎቻቸውን ይዘው ወደየመንደራቸው እየወጡ ነው። መንገዱ ሽቅብ ሆኗል፤ አፈሩ እየቀላ፣ ዛፉ እየበዛ መጥቷል። ከምዕራብ ደመና ተነሳ። ማርቆስ መስኮቱን ሲከፍት የገባው ንፋስ የመጀመሪያው ንፋስ ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረው የምድጃ አፍ ነበር።

ቆመን ወለላን ውሃ አጠጣን። ባልዲውን በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው። አፏን ዘጋች። አፏን እንደዘጋች መቆየቷን ያስተዋለው፣ የእጢውን ነገር በመንገድ የነገርኩት ማርቆስ ነው።

«ቲቸር፣ ተሻለ እኮ! እጢው ሠራ!»

«ገና ነው ማርቆስ። ትንፋሿ በሰዓታት ይረጋጋል። እጢው ግን አይቸኩልም። ‹ይሄ ብርድ እውነት ነው ወይስ የአንድ ቀን ደመና?› ብሎ ይጠብቃል። ቀናት፣ ምናልባት ሳምንታት ይፈልጋል።»

ማርቆስ መሪውን ይዞ አሰበበት። «ብልጥ ነው» አለ። «እኔም ደመና አይቼ አልዘራም።»

አመሻሽ፣ ቀይ አፈር

ቀይ አፈር ላይ አውቶቡሶችና የጭነት መኪኖች ተደርድረዋል። ሹራብ የለበሰ ሰው አየሁ። ጠዋት ላብ እንዳላበኝ ረስቼ እኔም ሹራቤን አወጣሁ። ሥጋ ጥብስ አዝዘን በላን፤ እኔ ኦሞራቴ በቆየሁባቸው ቀናት ከሁለት ጉርሻ በላይ አልወረደልኝም ነበር፤ አሁን ሳህኑን በእንጀራ ጠረግሁት። አስቴርም እንደዚያው። «ወይኔ፣ የሁላችንም ምድጃ አንድ ነው እንዴ?» ብላ ሳቀች።

አንድ ነው። በአንድ ቀን መንገድ ከወንዙ ዳር እስከዚህ ስንወጣ፣ የወለላም፣ የእኔም፣ ከጣራው ሥር የሚንጫጩት ወፎችም አንጎል የደማችንን ሙቀት እየለካ ነበር። እንቁላል የማታህል እጢ በዝምታ ትሰማለች። ማንም አያዛትም፤ ማንም አያመሰግናትም። ዓሣም፣ እንቁራሪትም፣ ሰውም ይዟታል። ይህን ሳስብ ሻዬ ቀዘቀዘብኝ። ፈጣሪ ለሁሉ አንድ መልእክተኛ ሰጥቶ፣ መልእክቱን እንደየአገሩ አደረገው።

ሌሊቱን ጂንካ አደርን።

ረቡዕ፣ ከጂንካ በላይ

ጭጋግ። እንሰት። ቀርከሃ። መንገዱ አይሱዙውን የሚችለው እስከ አንድ ሸንተረር ድረስ ነው፤ ከዚያ ወለላ በእግሯ ወጣች፤ ቀስ እያለች፣ እየቆመች። የአስቴር አባት በሩ ላይ ሆነው ጠበቁን። ረጅም፣ ዝምተኛ ሽማግሌ ናቸው። አማርኛን በትልቅነታቸው ነው የተማሩት፤ በእሳቸው አማርኛ ላምም ሴትም «እሱ» ነው። ወለላን ከራስ እስከ ጅራት ዳበሷት።

«ይሄ የእኔ ላም አይደለም» አሉ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «የእኔ ላም ትልቅ ነበረ።»

አስቴር አንገቷን ደፋች። «አባባ፣ ሙቀቱ ነው።»

«እዚህ ሙቀት የለም» አሉና በረቱን ከፈቱላት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሁድ

እኔ ወደ ማስተማሬ ጂንካ ተመለስኩ፤ አስቴር እላይ ቀረች። ኦሞራቴ ላይ ሻዩን የሚያፈላው ታሪኩ ነው፤ «ደንበኛ እያባረረብኝ ነው አሉ» ትለኛለች በስልክ። ከዚያ ወሬው የወለላ ይሆናል። መጀመሪያ ያው ነበረች፤ ታሸታለች እንጂ አትበላም። ቀናት አለፉ። አንድ ቀን «ቲቸር፣ የእንሰት ቅጠሉን ጨረሰችው!» አለች። ሌላ ቀን «ጠጉሯ ተንጨፍርሯል» አለች። እኔ መንገድ ላይ ቆሜ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ጠጉሯ ለብርድ እየለበሰ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ «ምጥ ጀምሯታል መሰለኝ፣ ነይልኝ» ስትለኝ ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ።

የወለደችው እሁድ ማለዳ ነው። ጭጋጉ በረቱ ውስጥ ገብቶ ከወለላ ትንፋሽ ጋር ተቀላቅሏል። ምጡ ቀላል አልነበረም፤ እኔና አባባ የጥጃውን የፊት እግሮች ይዘን ከምጡ ጋር እየሳብን ረዳናት። ሲወጣ እርጥብ ሆኖ፣ እንፋሎት እየተነነበት ሣሩ ላይ ወደቀ። አልተነፈሰም።

አስቴር አፏን በሁለት እጇ ያዘች። አምና ያየችው እንዲህ ሆኖ ነበር።

አፍንጫውን ጠረግሁ። ደረቱን በሣር ደጋግሜ አሸሁ። አባባ የአፍንጫውን ቀዳዳ በሰንበሌጥ ነካኩት። አነጠሰ! ከዚያ አንድ ረጅም፣ የተቀደደ ትንፋሽ ሳበ። ከዚያ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከጆሮው እስከ ጅራቱ ተንዘፈዘፈ። አስቴር ጋቢ ይዛ ተወረወረች።

«ብርዱ ገደለው! አባባ፣ ወደ እሳት እናስገባው!»

«ትንሽ ቆይ፣ አስቴር» አልኳት። «እናቱ ታድርቀው። እሳቱን እየለኮሰ ነው።»

እውነት ነው። ጥጃ ከእናቱ ሆድ ሙቀት ወደ ብርድ ሲወድቅ፣ የታይሮይድ ሆርሞኑ በደሙ ውስጥ ሽቅብ ይተኮሳል፤ ምናልባት በዕድሜው ዳግመኛ እንደዚያ አይወጣም። ጀርባውና ደረቱ ውስጥ ለዚህች ሰዓት ብቻ የተቀመጠለት ስብ አለ፤ እሱ መንደድ ይጀምራል። ማንም ሳያስተምረው የራሱን ምድጃ ራሱ ይለኩሳል። ይሄንን ስንት ዓመት ሰሌዳ ላይ ስዬዋለሁ፤ ቀስት ከአንጎል ወደ እጢ፣ ቀስት ከእጢ ወደ ገላ። መዳፌን ጉሮሮው ላይ አድርጌ መንቀጥቀጡን ስሰማ ግን ቀስቶቹ ሁሉ ጠፉብኝ። ጫማዬን አውልቄ መቆም አማረኝ።

ወለላ ዞረች። በሻካራ ምላሷ መላስ ጀመረች፤ እየገፋች፣ እየጣለችው፣ እየላሰችው። ጆሮውን ነካሁት፤ በረዶ ነበር። ቆይቼ ነካሁት፤ ለብ አለ። መንቀጥቀጡ ሳሳ። የኋላ እግሮቹን ተከለ፤ ወደቀ። ተከለ፤ ወደቀ። አባባ በገዛ ቋንቋቸው የሆነ ነገር ያንሾካሹካሉ። በመጨረሻ እግሮቹን እንደ በርጩማ አንፈራጦ ቆመና የእናቱን ጡት በአፉ ፈለገ፣ ሳተ፣ ፈለገ፣ አገኘ።

አስቴር ስልኳን አውጥታ ደወለች። ድምፁ ከፍ ብሎ ስለነበር ሁላችንም ሰማነው።

«ታሪኩ፣ ወለደች። ሕያው ነው። እየጠባ ነው።»

አስቴር መስመሩ የተቆረጠ መስሏት ስልኩን አየች።

«ታሪኩ?»

«አለሁ» አለ፤ ድምፁ ተቀይሯል። «እሷስ? ትበላለች?»

ሰኞ፣ ወደ ጂንካ

ወለላ ዳግመኛ ወደ ቆላ እንዳትወርድ አስቴር ራሷ ወሰነች። አባባ ጋ ትቀራለች፤ ጥጃውም እዚያው ያድጋል። ማታ ተነጋግረን ሳንጨርሰው ነበር የተኛነው፤ ጠዋት ስነሳ ግን ጓዟን አስራ አገኘኋት።

ልንወርድ ስንል ወለላ ከበረቱ ውጭ ሣር እየጋጠች ነበር፤ ጥጃው እግሯ ሥር ተኝቷል። አስቴር ከአጥሩ ሆና ጠራቻት። «ወለላ!» ላሚቱ ጆሮዋን እንኳ አላዞረችም። ደግማ ጠራቻት። ወለላ አንድ እርምጃ ወደ ለምለሙ ተራመደችና ቀጠለች።

«አየሽ ቲቸር? ረሳችኝ።»

አስቴር በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፤ ከዚያ ያ የኦሞራቴ ሳቋ መጣ።

«እሰይ! ትርሳኝ። ጠግባ ነው።»

ከአባቷ ጋር ተሳስማ ቀድማኝ ቁልቁል ወረደች። ጭጋጉ ከኋላችን ቀረ፤ ከታች የጂንካ ቆርቆሮዎች በፀሐይ ያበራሉ። መናኸሪያው ስንደርስ ወደ ኦሞራቴ የሚወርደው መኪና ተሳፋሪ እየጠራ ነበር።